ወሬው ከስልክ ይወርዳል፣ ማስተባበያው እዚያው ይቀራል፦ ኢንተርኔትና የሕዝብ አስተያየት በድሬዳዋ

«ሕዝቡ በሶሻል ሚዲያ ቁጣውን እየገለጸ ነው።» ይህን ያልሰማ የለም። ዜና አንባቢው ይለዋል። ባለሥልጣኑም ስብሰባ ላይ ይለዋል፣ ደስ ሳይለው። ነዳጅ ተወደደ፣ መንገድ ተዘጋ፣ አዲስ ሹመት ተሰጠ በተባለ ቁጥር የፌስቡክ አስተያየት ይቆጠርና «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ይባላል። ተቃራኒውም ክርክር አለ። «እነዚህ ስልክ ላይ የተጣዱ ጥቂት ልጆች ናቸው፤ ሕዝቡማ ሥራው ላይ ነው» የሚል።

ድሬዳዋን ልብ ብሎ ላየ ሰው ሁለቱም አያስኬድም። ከተማዋ ውስጥ ኢንተርኔት የማይጠቀም ሰው ብዙ ነው። ኢንተርኔት ያልነካው ሰው ግን ማግኘት ይቸግራል። ቀፊራ ገበያ ዘይት የምትገዛ እናት ፌስቡክ የላትም እንበል። የምትከፍለው ዋጋ ግን ጠዋት ቴሌግራም ላይ በወጣ ቁጥር ተወስኖ ሊሆን ይችላል። ማታ ቤቷ የሚገባው ወሬም እንዲሁ። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ኢንተርኔት ላይ የተባለው ነገር በየት በኩል ዞሮ የማይጠቀመው ሰው ጋ ይደርሳል የሚለው ነው። ሲደርስስ ምን ሆኖ ይደርሳል?

ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

አገር አቀፍ ግምቶች እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከ5 ኢትዮጵያውያን 1 ሰው ገደማ ነበር። ከተማ ውስጥ ከዚህ ይበልጣል፣ ገጠር ያንሳል። ድሬዳዋ ደግሞ ሁለቱንም ናት። ከዚራና ሳቢያን የሚባሉ የከተማ ሰፈሮች አሏት፤ ወጣ ሲሉ ደግሞ በአስተዳደሩ ሥር ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ይመጣሉ።

አካባቢው ለመገናኛ ሩቅ ሆኖ አያውቅም። የአገሪቱ የስልክ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ረጅም መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነው። ድሬዳዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኔትወርኩን ለሙከራ መጀመሪያ ያበራው እዚሁ ነው፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ከአንድ ወር በላይ ተራ ጠብቃለች። ድሬዎች ይህችን ነገር ማንሳት አይጠሉም።

ዋጋም ረድቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ ቀንሷል። ተወዳዳሪ ሲመጣ ደግሞ የጥቅሉ ዓይነት በዛ፤ የቀን፣ የሌሊት፣ የሳምንት። ታይዋን በሚባለው የከተማዋ ገበያ የሚሸጠው ርካሽ ስማርት ስልክም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል።

ቆጠራው የሚያመልጠው ነገር ግን አለ። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘች የጉሊት ነጋዴ *127# ደውላ በቴሌብር ብር ትቀበላለች። ለዚህ ዳታ አያስፈልጋትም፤ ኢንተርኔት ተጠቃሚ ተብላም አትቆጠርም። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 2013 ነው። ዛሬ ኩባንያው ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለኝ ይላል። ስማርት ስልኩም ቢሆን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ አንዱ ይከፍተዋል፣ አምስቱ ያያሉ። የሚቆጠረው አንድ ነው።

ድምፁ የሚሰማው ሰው ደግሞ ከተጠቃሚውም ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ አብዛኛው ሰው አንብቦ ያልፋል፤ የሚጽፈው ጥቂቱ ነው። ይህ የትም አገር ያለ ነገር ነው። አፍሮባሮሜትር የተባለው የአስተያየት ጥናት ተቋም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጠይቅ ወደ 2,400 ሰው በዕጣ መርጦ፣ ቤቱ ሄዶ፣ ፊት ለፊት ያነጋግራል። 2,400 የፌስቡክ አስተያየት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። የመጣው ከተናደደው፣ ዳታ ካለው፣ ጊዜ ካለውና መጻፍ ከማይፈራው ሰው ነው። «ሕዝቡ አለ» ለማለት አይበቃም።

ይህን ይዘው «እንግዲያው ዋጋ የለውም» የሚሉ ግን ሌላ ስሕተት ውስጥ ይገባሉ።

ዋጋ በስልክ ሲወሰን

ብዙ ሰው የኢንተርኔት ተጽዕኖ ሲባል ፖለቲካ ይታየዋል። መጀመሪያ የሚነካው ግን ኪስ ነው።

አወዳይን እንውሰድ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጡ ከሐረማያ ቀጥሎ ያለችው የጫት ከተማ። ጫት ጊዜ አይሰጥም። ተቆርጦ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው ጠውልጎ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ነጋዴው ማወቅ የሚፈልገው ዛሬ ጅግጅጋ፣ ቶጎ ውጫሌ ወይም ጅቡቲ በስንት እንደሚሸጥ ነው፤ ነገ አይጠቅመውም። ስልክ ሲስፋፋ ይህን የሚያውቀው ሰው በዛ። ገበሬውም ደውሎ ይጠይቃል።

ይህ በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ነው፤ ስለ ሕንድ የኬረላ ዓሣ አጥማጆች። ሞባይል ከመግባቱ በፊት አንዱ የባሕር ዳር ገበያ ዓሣ ሲያጣ ሌላው ገዢ አጥቶ ይጥል ነበር። ሞባይል ሲገባ የዋጋው ልዩነት ጠበበ። የሚጣል ዓሣ ጠፋ። የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ አደገ፤ ሸማቹ የሚከፍለው ደግሞ በ4 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱም ወገን ተጠቀመ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ገበያ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ዓሣም ጫትም አይቆይም፤ ግን የኬረላን ቁጥር አወዳይ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ኬረላ ውስጥ ጀልባው ወደፈለገው ገበያ መዞር ይችላል። የጫት መኪና ኬላ አለበት፣ ቀረጥ አለበት፣ ፈቃድ አለበት። ገበሬው የጅግጅጋን ዋጋ ቢያውቅም ጅግጅጋ ወስዶ አይሸጥም። መረጃው ያለው ሰው በዝቷል፤ መረጃውን ወደ ብር የሚለውጠው ግን አሁንም ያው መኪናና ፈቃድ ያለው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዶላር ነው። ይሄኛው ለየት ይላል።

ሐምሌ 22, 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊትም በኋላም ጥቁር ገበያው አለ፤ የጥቁር ገበያውን «የዛሬ ዋጋ» የሚያወጡ የቴሌግራም ቻናሎችም አሉ። ቁጥሩ ከየት መጣ? በዚያ ዋጋ ስንት ዶላር ተሸጠ? ማንም አይነግርዎትም። ባለ ሱቁ ግን ያየዋል። ዕቃውን ሲሸጥ የሚያስበው ባለፈው የገዛበትን አይደለም፤ ነገ በስንት እንደሚተካው ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ እሱም ከፍ ያደርጋል። ጎረቤቱም ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ ዋጋው በእርግጥ ጨምሯል። ጠዋት ያልተረጋገጠ ወሬ የነበረው ከሰዓት እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ባለ ሱቁን ስግብግብ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እሱ ቦታ የቆመ ሰው ሁሉ ያንኑ ያደርጋል። በተለይ ድሬዳዋ፣ ዕቃው ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ በኩል በሚገባበት ከተማ፣ ዶላሩን አለማየት አይቻልም። መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። «ይጨምራል» የሚለው እምነት ራሱ ዋጋ ሆነ። እምነቱን የፈጠሩት ጥቂት ቻናሎች ናቸው፤ የሚከፍለው ደግሞ ቻናሉን አይቶት የማያውቅ ሰው።

ከስልክ ወደ በርጫ

እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ ኦሃዮ ውስጥ አንድ አካባቢ መርጠው፣ ሰው ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ እንዴት እንደሚወስን ተከታተሉ። ብዙው ሰው ሐሳቡን ያገኘው ከሚያምነው ሰው ነበር። ያ የታመነው ሰው ደግሞ ከሬዲዮና ከጋዜጣ። መረጃ በሁለት እርምጃ ይሄዳል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ሬዲዮውን በፌስቡክ ተኩት፤ የቀረው ብዙም አልተለወጠም።

ድሬዳዋ ደግሞ ለሁለተኛው እርምጃ የምትመች ከተማ ናት። ሙቀቱ ከምሳ በኋላ ሰውን ጥላ ፍለጋ ይሰበስባል። በርጫ አለ። ፍራሽ ተነጥፎ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ውሃው ቀርቦ ሰዓቱ ይሄዳል። ስልክ ላይ ያሉት የተወሰኑት ናቸው፤ ወሬው ላይ ግን ሁሉም አሉ። አንዱ «አቦ ይሄን አያችሁት?» ይላል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ክርክር ይነሳል። ማታ ቤት የሚገባው ወሬ ይሄ ክርክር ነው። ቪዲዮውን ማን እንደለጠፈው ያኔ ተረስቷል።

የማይቅመውም ሰው ቢሆን አያመልጥም። ቡና አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ፀጉር ቤት አለ። ሐረር ጀጎል ውስጥ አፎቻ አለ፤ ሐረሪዎች ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰባሰቡበት ማኅበር ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ዛሬ የዋትሳፕ ግሩፕ ሲኖረው ቶሮንቶ ያለው ዘመድም እዚያው ይገባል። መዋጮ ሲኖር ቀድሞ የሚልከው እሱ ነው። ብሩ ሲመጣ አስተያየቱም አብሮ ይመጣል። ገንዘብ የላከን ሰው «ዝም በል» ማለት ደግሞ ይከብዳል። ዲያስፖራው የሚጽፈው መዘዙ ከማይደርስበት ቦታ ሆኖ ነው እያሉ የሚወቅሱ አሉ፤ እውነት አላቸው። እዚህ ያለው ሰው ፈርቶ የማይናገረውን የሚናገርለት እሱ ነው የሚሉም አሉ። ይህም እውነት ነው።

ወሬው በዚህ ጉዞ ላይ ሲገላበጥ አንዳንድ ነገር ይጥላል። መጀመሪያ የሚወድቀው ቀኑ ነው። ሰው ጽሑፉን በስክሪንሾት ያስቀረዋል፤ የስልኩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ማለት ነው። ፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ ቀን የለም። የዛሬ ሦስት ዓመት የተጻፈ ነገር እንደ ትኩስ ዳቦ ይዞራል። ቀጥሎ «ሊ» ይወድቃል። «ሊጨምር ይችላል» የነበረው «ጨመረ» ይሆናል። ከዚያ ቋንቋው ይለወጣል። በአማርኛ የተጻፈው በኦሮምኛ ይወራል፣ በሶማሊኛ ይደገማል፣ ጀጎል ሲገባ በሐረሪ ይነገራል። በየመሻገሪያው ተናጋሪው የራሱን ፍርሃት ጨመር ያደርጋል።

የፍርሃቱ መልክ ደግሞ እንደየሰው ነው። ድሬዳዋ የየትኛውም ክልል አካል ሳትሆን ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ሥልጣን ለኦሮሞ፣ ለሶማሌና ለሌሎች የሚከፋፈልበት 40፡40፡20 የሚባለው ቀመርም ሁሌ እንዳነጋገረ ነው። ስለዚህ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ ቅጥር፣ ስለ ሹመት የሚመጣ ወሬ ሁሉ «ለማን ደላ?» ተብሎ ነው የሚሰማው። አንድ ዓይነት ዜና ሦስት ሰፈር ሲደርስ ሦስት ዜና ነው።

ስልኩ ማንን ያስቀድማል?

አልጎሪዝም ሲባል አንዳንዱ እንደ ጂን ያወራበታል። ነገሩ ቀለል ያለ ነው። ስልኩ ላይ ሊመጡ ከሚችሉ ብዙ ነገሮች የትኛው ቀድሞ ይታይ የሚለውን የሚመርጥ የስሌት ሕግ ነው። ምን ላይ እንደቆዩ፣ ምን ላይ እንደጻፉ፣ ምን እንዳጋሩ ያያል፤ የዚያኑ ዓይነት ይጨምርልዎታል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሰው አስተያየት የሚሰጥበትንና የሚያጋራውን ይበልጥ የሚያስቀድም ለውጥ አደረገ። አስተያየት የሚያበዛው ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ቁጣ ነው። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ይህ አሠራር ጉዳት እያደረሰባቸው ነው ብላ ከጠቀሰቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ የተዛመቱ ወደ 126,000 የሚጠጉ ወሬዎችን አይተው ነበር። ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል። ዋናው ምክንያት ማሽን አልነበረም፤ ሰው ነበር። አዲስና የሚያስደነግጥ ነገር ሰው ራሱ ማውራት ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ደግሞ በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ የሰዎችን ፌስቡክ ለሦስት ወር ያህል በጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ እንዲያሳይ አድርገው ሞከሩ። የሰዎቹ የፖለቲካ አመለካከት ብዙም አልተለወጠም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ጥላቻው ሲሰበክ የነበረው በሬዲዮ ነው። ኢንተርኔት ያልነበረውን ጠብ አይፈጥርም የሚሉ ሰዎች ይህን ሁሉ ይጠቅሳሉ።

ክርክራቸው ጠንካራ ነው፤ ለእኛ ከተማ ግን የሚጎድለው ነገር አለ። የአሜሪካው ሙከራ የለወጠው የአንድን ሰው ስልክ ነው። ስልክ ሳይኖረው ከሌላው የሚሰማውን ሰው አላየውም። እኛ ጋ የሚበዛው ደግሞ እሱ ነው። ሌላው ቋንቋ ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በ2021 በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የሚለጠፉ ነገሮችን መገምገም እንደሚችል አስታውቋል። ሐረሪ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የድሬ ልጅ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ቀላቅሎ ነው የሚያወራው። ይህን ማሽን ይቅርና አዲስ አበቤውም ሁሌ አይከተለውም።

2012 ያሳየው

ጥቅምት 12, 2012 ሌሊት አቶ ጃዋር መሐመድ ጥበቃዎቻቸው ሊነሱባቸው እንደሆነና ቤታቸው እንደተከበበ በፌስቡክ ጻፉ። ፖሊስ አስተባበለ። በቀጣዮቹ ቀናት ግን በብዙ ከተሞች ሰልፍና ግጭት ተነሳ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በኋላ 86 ሰው መሞቱን ተናግሯል። ግጭቱ ከደረሰባቸው ከተሞች ድሬዳዋና ሐረር ይገኙበታል።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ሰኔ 22 ማታ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ። ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት የወደቀው በዚያው ሰሞን ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የአንድ ሰው ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ምን ያህል ሰው ሊያስወጣ እንደሚችል አሳየ። ያ ሁሉ ሰው ግን ፌስቡክ አልነበረውም፤ ብዙው የወጣው ተነግሮት ነው። ሁለተኛው መስመሩ ተዘግቶም ነገሩ እንደማይቆም አሳየ። «ባይዘጋ ኖሮ ይብስ ነበር» የሚለው መልስ ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫ ግን የለውም። ተቃራኒውም የለውም። ልናውቀው የምንችለው ይህን ነው፦ ወሬው አንዴ ወደ አፍ ከወረደ ኔትወርኩን መዝጋት የሚያቆመው ወሬውን ሳይሆን እውነቱን ለማጣራት የሚሞክረውን ሰው ነው። ጅግጅጋ ያለ ወንድሙን «ደህና ናችሁ?» ብሎ በቪዲዮ ማየት የፈለገው ሰው አልቻለም።

መዝጋትና መቅጣት

የካቲት 2015 የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ጉዳይ ሲካረር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ። እስከ ሐምሌ ቆየ፤ አምስት ወር ያህል። የቀረው ኢንተርኔት ግን ይሠራ ነበር። ሰዉም ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን ስልኩ ሌላ አገር ያለ አስመስሎ እገዳውን የሚያልፍ መተግበሪያ ነው። በዚያ ሰሞን ስሙን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ2012 ሁሉም ተዘጋ፣ በ2015 የተመረጡት ብቻ። ለምን? የተለያየ ምክንያት ሊኖር ይችላል። እንደ ጸሐፊው ግምት አንዱ ገንዘብ ነው። በ2012 ቴሌብር አልነበረም። ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ የሚቀዳው በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ነው። መስመሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ማለት ማደያውንም መዝጋት እየሆነ መጥቷል። ይህ ግን ዋስትና አይሆንም። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። መንግሥት ጦርነት ውስጥ ሲገባ የገበያው ኪሳራ አያስቆመውም።

ሌላው መንገድ ሕግ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨውን እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም 100,000 ብር ይደርሳል። ደጋፊዎቹ ብዙ የሚሰማ ሰው ብዙ ይጠንቀቅ ይላሉ። የመብት ተሟጋቾች ደግሞ ትርጉሙ ሰፊ ስለሆነ ትችትንም ሊያስር ይችላል ብለው ገና ከረቂቁ ጀምሮ ተቃውመውታል። ከሁለቱም ክርክር ውጭ አንድ ተግባራዊ ችግር አለ። ሕጉ የሚያየው የጻፈውን ሰው ነው። «ሊጨምር ይችላል» ብሎ የጻፈው ሰው አላጠፋም። «ጨመረ» ያለው ባጃጅ ውስጥ የነበረው ተሳፋሪ ነው። እሱን ማን ያገኘዋል?

ማስተባበያው የት ይቀራል?

አንድ መሥሪያ ቤት ሐሰተኛ ወሬ ሲወራበት የሚያደርገው ይታወቃል። ደብዳቤ ይጻፋል። ኃላፊው እስኪፈርም ይጠበቃል። ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ «ሐሰተኛ መረጃ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይደረግበታል። ሥራው አለቀ።

የሚያየው ማን ነው? ገጹን የሚከተለው ሰው። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን ቀድሞም የተጠራጠረ ነው። ከባጃጅ ላይ የሰማው ሰው አያየውም። በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የተነገረው ሰው አማርኛውን ደብዳቤ ቢያገኘውም ይዞት አይዞርም። በርጫ ላይም «አቦ ይሄን ማስተባበያ አያችሁት?» የሚል የለም። ወሬው ያስደነግጣል፤ ማስተባበያው ያሰለቻል። የሚያስደነግጠውን ሰው በነፃ ያደርስልዎታል። የሚያሰለቸውን ግን ራስዎ ተሸክመው ማድረስ አለብዎት። ከተማዋ ውስጥ ያለው ትልቁ ክፍተት ይህ ይመስለኛል፤ ከአልጎሪዝሙም ይበልጣል።

መፍትሔ ተብሎ የሚነሳው ማስተባበያውን ወሬው በሄደበት መንገድ መላክ ነው። በኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ በዕድር፣ በአፎቻ፣ በባጃጅ ማኅበር፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን፣ በየቋንቋው። ይህንንም የሚሰጉ ሰዎች አሉ፤ ስጋታቸውም ባዶ አይደለም። የዕድር ዳኛው አንድ ቀን የመንግሥትን ማስተባበያ አንብቦ ነገሩ ውሎ አድሮ እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ የሚያጣው የራሱን ስም ነው። ሁለተኛ አያነብም፤ ቢያነብም ማንም አያምነውም። መሥሪያ ቤቶች እውነት የሆነውን ወሬ «አዎ እውነት ነው» ብለው የማመን ልማድ ከሌላቸው «ሐሰት ነው» የሚለው ቃላቸውም ክብደት አይኖረውም።

ነገሩ በሕይወት ላይ የሚመጣው ደቻቱ ወንዝ ላይ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ውሃው የሚመጣው ከደቡብ፣ ከደጋው ነው። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። ያኔ ላይ ያለው ሰው ታች ላለው የሚነግርበት መንገድ እምብዛም አልነበረውም። ዛሬ ደንገጎ ላይ ያለ ሰው ዝናቡን ቀርጾ በደቂቃ ይልካል። ኢንተርኔት ለድሬዳዋ ካመጣው ነገር ሁሉ ምናልባት ትልቁ ይህ ነው።

በዚያው መንገድ የአምናው ጎርፍ ቪዲዮም ይመጣል፣ ቀን ሳይኖረው። ወንዙ ዳር ያለ ቤተሰብ በሌሊት ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ምንም የለም። ሌላ ቀን ይደገማል። ሦስተኛው ጊዜ እውነት ቢሆን ላይነሳ ይችላል። እዚህ ላይ እገዳም አዋጅም አይረዳም። የሚረዳው ላይ ያለው ሰው ቪዲዮው ውስጥ ቀኑንና ቦታውን በድምፁ መናገሩ ነው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ አንድ የሚታወቅ ሰው ደውሎ ማረጋገጡ፤ ስልክ የሌለው ቤትም ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ መስማቱ። ወጪው ትንሽ ነው። ማን ይደውል፣ ማን ያረጋግጥ፣ ማን ይናገር የሚለውን ግን ከክረምት በፊት መስማማት ያስፈልጋል፤ በየሰፈሩ፣ በየቋንቋው። ሐምሌ ከገባ ለስብሰባ ጊዜ የለም።